ባዶ ቱቦ በመቅበር የተፈረደባት አክስቴ

የቴሌኮም መሥሪያ ቤቱ አክስቴን «የተቋሙን ሀብት ያለ ዓላማ ከመሬት በታች ቀብራለች» ብሎ ጥፋተኛ አደረጋት፤ ከረጅም ጊዜ ዕቅድ ክፍል አንሥቶም የሲም ካርድ መሸጫ መስኮት ላይ አስቀመጣት። ያለ ዓላማ ተቀበረ የተባለው ሀብት ዛሬ ከተማው የሚነጋገርበት መንገድ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚክድ አንድም ኃላፊ አላጋጠመኝም፤ በየቢሯቸው ሄጄ ጠይቄአለሁ። የሚክዱት በሁለቱ መካከል አንዳች ግንኙነት መኖሩን ብቻ ነው።

ልጽፍ የተነሣሁት ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ክሴን እንዲያለዝበው ግን አልፈቅድለትም፤ ማን ምን እንደሠራልን በትክክል መናገር የሚቻለው ማን ምን እንዳደረሰባት በትክክል ሲነገር ነውና።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። አላገባችም፤ ከእኛ ጋር፣ ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል ትኖራለች። በዚያች ክፍል ከአልጋው የሚበልጥ የንድፍ ጠረጴዛ አለ፤ አልጋውም በዚህ ምክንያት ግድግዳ ተደግፎ እንደ ተግሳጽ የደረሰበት ልጅ ጥግ ይዟል። በልጅነቴ የቤት ሥራዬን የምሠራው በጠረጴዛው አንድ ጫፍ ነበር። በሌላው ጫፍ እሷ ከተማውን ትሠራለች።

ሥራዋ የኔትወርኩን የረጅም ጊዜ ዕድገት ማቀድ ነበር። ዛሬ ድምፅ የሚሄድበት የመዳብ ኬብል ነገ በምን ይተካል፤ አሮጌው የሞባይል ቴክኖሎጂ ትውልድ መቼ ይጠፋል፤ ከመጥፋቱ በፊት አዲሱ በየትኛው ሰፈር በእግሩ መቆም አለበት፤ የሞባይል ማማዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ምንድን ነው። ይህን ሁሉ ከጠረጴዛዋ ጫፍ እስከ ጫፍ በሚዘረጋ ወረቀት ላይ ታሰፍረዋለች። ቅርብ ያሉትን ዓመታት በቀለም ትጽፋለች። መካከለኞቹን በእርሳስ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ምንም አትጽፍባቸውም፤ ነገር ግን ከሁሉ ሰፊውን ቦታ የምትሰጠው ለእነሱ ነው።

«እዚህስ ለምን አትጽፊም?» ብዬ ጠይቄአት አውቃለሁ።

«የማላውቀውን ጽፌ ልዋሽ እንዴ?»

«ታዲያ ወረቀቱን ለምን ታባክኛለሽ?»

«ቦታ ነው እንጂ የያዝኩላቸው! ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ወንበር አትስቢም? ስሙን ሳታውቂ?»

አባቴ በዚህ ይዝናናባት ነበር። «እኅቴ የሚመጣውን ሃያ ዓመት በእጇ ይዛዋለች፤ ነገ ምን እንደምትለብስ ግን አታውቅም» ይላል በሩ ላይ ቆሞ።

«ነገን ለአንተ ትቼልህ ነው፤ ሥራ እንዳትፈታ» ትለዋለች ቀና ሳትል።

ከማንኛውም ክስ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ረጅም ዕቅድ ማለት ለእሷ የሚመጣውን መገመት አልነበረም። ማንም ይምጣ ማን፣ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኘው ማድረግ ነበር።

የከተማው ዋና ዋና መንገዶች ተቆፍረው ሊታደሱ በተወሰነ ጊዜ መሥሪያ ቤቷ አንድ ዕድል አገኘ። በተከፈተው ቦይ ውስጥ የራሱን ኬብል መቅበር ይችል ነበር። ሁሉም ያሰቡት አንድ ቱቦና በውስጡ አንድ የመዳብ ኬብል ነው። አክስቴ ሦስት ይሁን አለች። አንዱ ኬብሉን ይያዝ፤ ሁለቱ ባዶአቸውን ይቀበሩ። አስረጅዋ ቀላል ነበር፤ ውድ የሚያደርገው ቱቦው ሳይሆን ቁፋሮው ነው፣ አስፋልት ደግሞ ሁልጊዜ አይከፈትም። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ አዳምጦ ፈቀደ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ተቋም ተዛወረ፤ ምስጋናው ግን ይድረሰው።

ቱቦ ባዶ ነው ሲባል በእርግጥ ባዶ አይደለም። በእያንዳንዱ ውስጥ ከአንዱ የኬብል ጉድጓድ እስከ ሌላው የሚደርስ ወፍራም የመጎተቻ ገመድ ይተኛል፤ ነገ ኬብል ሲመጣ ጫፉ ላይ ታስሮ የሚሳበው በእሱ ነው። ገመድ የሌለበት ቱቦ፣ ባልዲው የጠፋ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ውኃው አለ፣ የሚያወጣው የለም። ገመዶቹን ያስገባው የኬብል ሠራተኞች አለቃ ነበር፤ ዕድሜውን ከምድር በታች ባሉ የኬብል ጉድጓዶች ስለ ጨረሰ ሁሉም «ጋሽ ጉድጓድ» ይሉታል፤ ሚስቱ ሳትቀር። አክስቴ በየጉድጓዱ አፍ ቆማ ገመዱ ከወዲያ ሲሳብ ከወዲህ መንቀሳቀሱን በእጇ እየዳሰሰች ትቀበለው ነበር።

ቢሮ ውስጥ ያሉት ግን ስም አወጡላት። «እመት ባዶ።» በሊፍቱ ስትገባ «ባዶ ቦታ አለ ወይ?» ይላሉ። እሷም «ከአንገታችሁ በላይ ሞልቷል» ብላ ትገባለች።

ከዚያ ኦዲተሩ መጣ። ወጣት፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ይህን የምለው በፍትሕ ነው። የተሰጠው መመሪያ፣ ተገዝቶ ለተወሰኑ ዓመታት አገልግሎት ያልሰጠ ንብረት ሁሉ እንደ ብክነት ይቆጠር የሚል ነበር። የጉድጓድ ክዳን አስከፍቶ ወደ ታች አየ። ከሦስት ቱቦ አንዱ ብቻ ኬብል አለው። አክስቴን አስጠራት። ጋሽ ጉድጓድ መሰላሉን ይዞ አጠገባቸው ስለ ነበር ንግግሩን ከእሷም ከእሱም ሰምቼዋለሁ፤ ቃላቸው አንድ ነው።

«እነዚህ ሁለቱ ምን ይሠራሉ?»

«ይጠብቃሉ።»

«ምንን?»

«አላውቅም።»

«እርስዎ ነዎት ያስቀበሯቸው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም?»

«ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ምን እንደሚመጣ ነው የማላውቀው።»

ኦዲተሩ የጻፈው «አላውቅም» የሚለውን መልስ ነው። በዲሲፕሊን ክሱ ላይ እንዲህ ተብሎ ሰፈረ፤ «ባለሙያዋ ቱቦዎቹ ምን እንደሚጠብቁ እንደማታውቅ በራሷ አንደበት አምናለች።» የመጨረሻው መልሷ የለም። በዕቅድ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የከበደውንና ከሁሉ የታመነውን ቃል፣ «አላውቅም»ን፣ የጥፋተኛ ኑዛዜ አደረጉት። እንደ ሥራ ባልደረቦቿ ዋሽታ «ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ይህ ይገባበታል» ብትል ኖሮ ክስ አይኖርም ነበር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ውሳኔውን ፈረመ። ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው፣ ባለሙያዋ ከዕቅድ ክፍል ተነሥታ በደንበኞች አገልግሎት ትመደብ። ሁለተኛው፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ሥራ ፈትተው የተቀመጡት ገመዶች ወጥተው ለንብረት ክፍል ገቢ ይሁኑ። አክስቴ «ገመዱ እንኳ ይቆይ» ብላ በጽሑፍ ተቃወመች፤ አልሰሟትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ዕቅድ ክፍል መመለስ። ሹመት አልጠየቀችም፤ ካሣም አልጠየቀችም። ያቺን በእርሳስ የጀመረቻትን ወረቀት በቀለም መጨረስ ፈለገች።

መስኮቷን አውቀዋለሁ። ከመስታወቱ በታች እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ከላይ የተራ ቁጥር የሚጠራ ማሽን ይጮኻል፤ ወንበሩ አንድ እግሩ አጥሮ በተጣጠፈ ካርቶን ተደግፏል። ሰዎች የጠፋ ሲም ሊያስወጡ፣ የዘገየ ኢንተርኔት ሊከሱ ይመጡባታል።

«እኅቴ፣ ይሄ ኔትወርክ እኮ ከኤሊ ያንሳል!» ይሏታል።

«ኤሊም ትደርሳለች እኮ። በየትኛው ሰፈር ነው የዘገየብዎት?»

ቦታውን ይነግሯታል። እሷም ማታ ቤት ስትመጣ በጠረጴዛዋ ላይ በተዘረጋው ወረቀት ያንን ቦታ በእርሳስ ትነካዋለች። ማንም ያላዘዛትን ዕቅድ ታርም ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ «ምን አገባሽ ከእንግዲህ?» አልኋት።

«ተመስገን በይ» አለችኝ። «ፎቅ ላይ ሆኜ ሰውን የማየው በመስመር ነበር። አሁን ፊቱን አየዋለሁ። የት የት እንደተሳሳትኩ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል፤ ለዚያውም ተሰልፎ።»

ይህ ምስጋና የእሷ ነው። እኔ በዚያ ጉዳይ ላይ የምቀንሰው እንጂ የምጨምርበት የለኝም።

ገመዱን እንዲያወጣ የታዘዘው ጋሽ ጉድጓድ ነው። ቦት ጫማውን እንዳጠለቀ ወደ መስኮቷ ሄደ፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተራ ቁጥር ወስዶ ጠበቀ፤ ሲደርሰው በቀዳዳዋ በኩል ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ገመዱን አውጣ ተባልኩ።»

«ታዲያ አውጣ።»

«ላውጣው?»

«ትእዛዝ ነው። ለኔ ብለህ እንጀራህን እንዳታጣ።»

«እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ስትቀበሩ እንኳ በሥርዓት ነው።»

«አንተ ሰው፣ ጉድጓድ የወረድን የመጀመሪያ ቀን ምን ነበር የተባባልነው?»

«ሲጋራ እንዳታጨስ ብለሽኝ ነበር።»

«ከሱ ቀጥሎ።»

ጋሽ ጉድጓድ የተራ ቁጥሩን ወረቀት በጣቶቹ አገላበጠ። ከኋላው ያለች ሴት «አባት፣ እዚህ ሊያድሩ ነው?» አለች። እሱም ቀስ ብሎ ቀና አለና ፈገግ አለ።

«ከቱቦ የሚወጣ ነገር ጭራው ባዶውን አይውጣ።»

«ቀጣይ!» አለች አክስቴ፤ ማሽኑም ጮኸ።

የኬብል ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ነው። አንድ ነገር ከቱቦ ስትስብ፣ ከጭራው ጋር ሌላ ነገር ታስራለህ፤ የመጀመሪያው ሲወጣ ሁለተኛው ቦታውን ይይዛል። ጋሽ ጉድጓድ ገመዶቹን እንደ ትእዛዙ አንድ ሳይቀር አወጣ፤ ቆጥሮ ለንብረት ክፍል አስረከበ። በእያንዳንዱ ገመድ ጭራ ላይ ግን የናይለን ሲባጎ አስሮ ነበር። ገመዱ ሲወጣ ሲባጎው ገባ። ጫፎቹን በቱቦው አፍ ላይ ሸጉጦ አይጥና ጭቃ እንዳይገባ ወተፈው። ክዳኑን ዘጋ። ለማንም አልተናገረም።

የወጡት ገመዶች ምን ላይ እንደዋሉም አጣርቻለሁ። በመሥሪያ ቤቱ የስፖርት ቀን ለገመድ ጉተታ ዋሉ። ፋይናንስ ክፍል አሸነፈ።

ዓመታት ሄዱ። አዲሱ የሞባይል ትውልድ መጣ፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ ሌላው። ማማዎቹ የሚሸከሙት መረጃ በመዳብ የማይቻል ሆነ፤ እያንዳንዱን ማማ መረጃን በብርሃን በሚያደርሰው ቀጭን ኬብል፣ በፋይበር፣ ማገናኘት ግድ ሆነ። አማካሪዎች መጥተው አጠኑ፤ መንገዶቹ ሁሉ እንደገና ይቆፈሩ አሉ። የከተማው አስተዳደር አስፋልቱን አላስነካም አለ። ሥራ አስኪያጁ ጭንቅ ውስጥ ገባ። በዚህ መካከል አንዱ መሐንዲስ በድሮው የቅየሳ ካርታ ላይ ባዶ ቱቦዎች መኖራቸውን አየ፤ ነገር ግን ገመዳቸው እንደወጣ ስለሚታወቅ ጭቃ ሞልቶባቸው ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተቆረጠ። ለማንኛውም ይታይ ተባለና ጋሽ ጉድጓድ ተጠራ።

አክስቴ ወሬውን የሰማችው ከአንድ ደንበኛ ነው። በምሳ ሰዓቷ፣ የመስኮት ሠራተኛ መታወቂያዋን ከአንገቷ እንዳንጠለጠለች፣ በእግሯ ሄደች። ደውላልኝ ነበርና እኔም ደረስሁ። ጉድጓዱ ተከፍቶ ዙሪያው በቢጫ ሪባን ታጥሯል፤ ሥራ አስኪያጁ ንጹሕ የራስ ቁር አድርጎ ቆሟል። እሷ ከሪባኑ ውጪ፣ ከመንገደኛው ጋር ቆመች።

ጋሽ ጉድጓድ ከታች ሆኖ ውታፉን ነቀለ። ወዲያው የሲባጎውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይ አሳየ።

«ምንድነው እሱ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሲባጎ ነው ጌታዬ።»

«ከየት መጣ?»

«ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ነገር ይገኛል ጌታዬ። አንድ ጊዜ ጫማ አግኝቻለሁ፤ አንድ እግር።»

ሲባጎው ላይ ቀጭን ገመድ፣ በገመዱ ላይ ወፍራሙ፣ በወፍራሙ ላይ ፋይበሩ ታሰረ። ከወዲያኛው ጉድጓድ መሳብ ጀመሩ። የአክስቴን እጅ አየሁ፤ ገመድ እንደሚዳስስ ሰው ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ ነበር። ከሩቅ አንድ ሰው ጮኸ፤ «መጣ!» ጉድጓዱ ዙሪያ የነበሩት ሠራተኞች አጨበጨቡ። አክስቴ አላጨበጨበችም። «ተመስገን» አለች፤ ደጋግማ፤ ድምፅ ሳታሰማ። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ወደ መስኮቷ ተመለሰች፤ ምሳዋን አልበላችም።

ሁሉም ቱቦ አልዳነም፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በአንዳንዱ ሲባጎው ተበጥሷል፤ በአንዳንዱ ሌላ ተቋም ሲቆፍር ቱቦውን ሰብሮታል። እዚያ እዚያ መቆፈር ግድ ሆኗል። ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች አብዛኞቹ ግን አንድ ዶማ ሳይነካቸው ፋይበር ገባባቸው።

ሥራ አስኪያጁ በበዓሉ ላይ ንግግር አደረገ። «የተቋማችን አርቆ አሳቢነት» አለ። የማን እንደሆነ አልተናገረም።

በሚቀጥለው ክረምት አባቴ ወደቀ፤ ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። የሰፈራችን ሆስፒታል የአንጎል ምስል ማንሻ አለው፤ ምስሉን የሚያነብ ሐኪም ግን አልነበረውም። ምስሉ በዚያው በፋይበሩ ሌላ ከተማ ወዳሉ ሐኪም ተላከ፤ የእኛዋ ተረኛ ሐኪም ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች፣ እሳቸው የሚሏትን እየሰማች መድኃኒቱን አዘዘች። ሁሉም የሆነው እኛ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ገና ማልቀስ ሳንጀምር ነው። አባቴ ዛሬ ይራመዳል። ግራ እጁ ብርጭቆ አይዝም፤ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው።

«ስሚ፣ እመት ባዶ» አላት ከሆስፒታል እንደወጣ። «ለካ ቱቦውን የቀበርሽው ለኔ ጭንቅላት ነው?»

«ባዶ ለባዶ እንዲገናኝ ብዬ ነው» አለችውና ከክፍሉ ወጣች፤ እንባዋን እንዳያይባት።

እንግዲህ የማመሰግነው ይህንን ነው። አባቴን ያቆየልኝ የማንም ራእይ አይደለም፤ «አላውቅም» ለማለት ያልፈራች ሴትና ትእዛዝን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ፈጽሞ በጭራዋ ሲባጎ ያሰረ ሰው ናቸው። በየቤቱ ልጁን በስክሪን የሚያይ፣ ትምህርቱን የሚከታተል፣ ሐኪሙን የሚያገኝ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የሁለቱ ባለዕዳ ነው።

ፋይበሩ ከገባ በኋላ መሥሪያ ቤቱ የሚቀጥለውን ዘመን ዕቅድ ሊያወጣ ኮሚቴ አቋቋመ። አክስቴ ውሳኔው እንዲነሣላትና ወደ ዕቅድ ክፍል እንድትመለስ አመለከተች። አብሬአት ገባሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እትዬ፣ ውለታዎን ሁላችንም እናውቃለን» አላት። «ነገር ግን በሥርዓት እንየው። እርስዎ ያሉት ገመዱ ይቆይ ነው። አይደለም?»

«ነው።»

«ገመዱ ወጥቷል። ፋይበሩ የገባው በሲባጎ ነው። ስለዚህ ገመዱ አላስፈለገም ማለት ነው፤ ውሳኔው ትክክል ነበር።»

የሚስቅ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ሰብሳቢው እየቀለደ አልነበረም።

«ሲባጎውን ያስቀመጠው ሰው ታውቆ ቢሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር» ሲል ቀጠለ። «በማን ትእዛዝ እንደገባ፣ ከየትኛው ንብረት እንደወጣ መጣራት አለበት። ያውቁታል?»

ጋሽ ጉድጓድ ጡረታው ደርሶ ነበር። ያለ ትእዛዝ ንብረት አስገብቷል ከተባለ ጡረታው ምን እንደሚሆን በክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችን እናውቃለን። አክስቴ የምትፈልገው ያ አንድ ነገር በአንድ ሰው ስም ርቀት ላይ ነበር።

«አላውቅም» አለች።

በሕይወቷ ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እውነት በነበረው «አላውቅም» ፈረዱባት፤ ሐሰት የሆነውን ተቀብለው መዝገቡን ዘጉ።

ደረጃውን ስንወርድ «ለምን?» አልኋት።

«እሱ እኮ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ማንም ሳያየው ነው ያሰረልኝ» አለች። «እኔ በጠራራ ፀሐይ ልፍታው? ተይ ልጄ። ባለውለታዬን ሸጬ የምገዛው ወንበር አይመቸኝም።»

ጋሽ ጉድጓድ ጡረታውን ካስከበረ በኋላ ነገሩን ከእኔ ሰማ። መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህንን እንድጽፍ የፈቀደልኝ፣ እንዲያውም ያዘዘኝ እሱ ነው፤ «የኔን ስም ሳይቀር ጻፊው» አለኝ። ስሙን አልጻፍሁም፤ ቅጽሉንም ቀይሬዋለሁ፤ እሷ ያልሰጠቻቸውን እኔ አልሰጣቸውም።

የሚቀጥለው ዘመን ዕቅድ ያለ እሷ ወጣ። በአዳዲሶቹ መንገዶች ሥር የሚቀበረው ቱቦ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራ የፈታ ንብረት ብክነት ነው የሚለው መመሪያ አልተሻረም። አክስቴ ባለፈው ዓመት ከሲም ካርድ መስኮቱ ጡረታ ወጣች። በማኅደሯ ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔው እንደጸና ነው።